ሬሳው ለሰኞ ይደርሳል

ልጆች፣ የላካችሁልኝን ድርሰት አነበብኩት። አስከሬኑ ጥሩ ቦታ ወድቋል። ፍንጮቹም አይታሙም። ግን አንድም ጊዜ አልሳቅኩም። ኮሜዲ ነው አላላችሁኝም እንዴ?

እስኪ ዛሬ ማታ «ዘ ቲን ማን»ን እዩት። በ1934 እ.ኤ.አ. የተሠራ የሆሊውድ ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ ነው ብላችሁ እንዳትሸሹ። ዊሊያም ፓወል ኒክን፣ ሚርና ሎይ ኖራን ሆነው ይጫወታሉ። ኒክ ሥራውን የተወ መርማሪ ነው፤ አሁን የሚወደው መጠጡን ነው። ጉዳዩ ውስጥ እንዲገባ የምትጎተጉተው ሚስቱ ናት።

ይህን ፊልም ስንቴ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ገዳዩ ማን እንደነበር ግን ሁሌ ይምታታብኛል። ድሮ እርጅና መስሎኝ ነበር። ለካ ፊልሙም ግድ የለውም! ዳይሬክተሩ ቫን ዳይክ ለፊልሙ ደራሲዎች የነገራቸው ፊልሙ የተነሳበትን የዳሺል ሃሜትን ልብ ወለድ እንደ ሰበብ ይዘው የባልና ሚስቱን ጨዋታ እንዲጽፉ ነው። ደራሲዎቹ ፍራንሲስ ጉድሪችና አልበርት ሃኬት ራሳቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ወሬውን ከየት እንዳመጡት ገምቱ።

ሬሳ ካለ ተመልካች ከወንበሩ አይነሳም። እናንተ ይህን በደንብ ታውቃላችሁ። የማታውቁት፣ ከዚያ በኋላ እንደልብ መጫወት እንደሚቻል ነው። የገና ዕለት ኒክ ሶፋ ላይ ተንጋሎ የዛፉን ፊኛዎች በአየር ሽጉጥ ይተኩሳል። ኖራ የጸጉር ካፖርቷን እንደለበሰች ታየዋለች። ለምርመራው ጠብ የሚል ነገር የለውም። እናንተ ብትሆኑ ትቆርጡት ነበር። እኔ ግን ትዳራቸውን ያመንኩት እዚያ ነው። ሰው እስከ 1947 ድረስ አምስት ተከታይ ፊልሞችን ያየው ለገዳዮቹ ብሎ አይመስለኝም።

ሌላው ችግራችሁ፣ ሰዎቻችሁ እንደሚያስቁ ያውቃሉ። በዳይሬክተር ፍራንክ ካፕራ ፊልም «አርሰኒክ ኤንድ ኦልድ ሌስ» ውስጥ ሁለት ደግ አሮጊቶች ብቸኛ ሽማግሌዎችን በወይን ጠጅ እየመረዙ ይገድላሉ። ለእነሱ ጽድቅ ነው! ቀልድ መሆኑን አያውቁም። (ተዋናዩ ካሪ ግራንት ዓይኑን ሲያጉረጠርጥ ግን ይበዛብኛል።)

እንግዲህ ባልየው ሚስቱን በሆነ ባልሆነው የሚያስቅበት አንድ ገጽ ጻፉና ቅዳሜ ይዛችሁልኝ ኑ። ሬሳው ለሰኞ ይደርሳል።