ፋይሉን አጠፋነው፣ ዲስኩ ግን አሁንም ሙሉ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ሄርማታ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ነው የተጫነው። ሰሞኑን ዲስክ ሞልቷል እያለ አላሠራ አለኝ። ጓደኛዬ 40 ጊጋባይት የሚሆን የሎግ ፋይል (ፕሮግራም የሚሠራውን የሚመዘግብበት) አገኘና በትዕዛዝ አጠፋነው። ቦታው ግን አልተመለሰም! የዲስኩን ቦታ የሚያሳየው ዲኤፍ (df) ትዕዛዝ 100% ሞልቷል ይላል፣ የፋይሎችን መጠን የሚያሳየው ዲዩ (du) ሲደምር ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። የቱን ልመን? የቆዩ የሰርግ ፎቶዎችን ላጥፋ እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፎቶዎቹን በፍጹም እንዳትነካ! ሁለቱም ትዕዛዞች ልክ ናቸው፣ የሚቆጥሩት ነገር ነው የሚለያየው። ዲዩ ፎልደር ለፎልደር እየዞረ ስም ያላቸውን ፋይሎች ይደምራል፤ ዲኤፍ ግን ስንት ብሎክ (የዲስኩ ቁራጭ ቦታ) እንደተያዘና ስንት እንደቀረ የፋይል ሲስተሙን፣ ማለትም ፋይሎችን ዲስኩ ላይ የሚያደራጀውን ክፍል ራሱን ነው የሚጠይቀው። ሊኑክስ ላይ ፋይል ስታጠፋ መጀመሪያ የሚሰረዘው ስሙ ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ እየጻፈበት ከሆነ፣ እስኪዘጋው ድረስ ቦታው አይለቀቅም። ቡናው ከመዝገብ ተሰርዞ ጆንያው ግን መጋዘን ውስጥ እንደተደረደረ ቁጠረው።

ማን እንደያዘው ለማየት ሱዶ ኤልኤስኦኤፍ ብለህ፣ ክፍተት ሰጥተህ፣ የመደመር ምልክት፣ ትልቁን ኤል እና 1ን አያይዘህ ጻፍ (sudo lsof +L1)፤ ሱዶ ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚያስኬድ ነው። ስማቸው ተሰርዞ ገና ያልተዘጉ ፋይሎች ይዘረዘራሉ። መጠኑ በባይት ስለሆነ የአንተዋ 11 አሃዝ ያለው ረጅም ቁጥር ይዛ ትታይሃለች። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው የፕሮግራሙ ስም ነው። እሱን ዘግተህ ክፈተውና ዲኤፍን ድገመው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራትም ይሠራል።

ሌላ ጊዜ እየተጻፈበት ያለ ሎግ አታጥፋ፣ አራግፈው። ትረንኬት፣ ሰረዝ ኤስ፣ 0 (truncate -s 0)፣ ከዚያ የፋይሉን ስም ጻፍ፤ ፋይሉ ይኖራል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ይህን ትዕዛዝ ፎቶ ላይ እንዳትሞክረው፣ መመለሻ የለውም።

ዲዩንም በሱዶ አሂደው፣ ካልሆነ ፈቃድ የሌለህን ፎልደር ሳይቆጥር ያልፋል። ደግሞ ኡቡንቱ በተለምዶ የሚጠቀምበት ፋይል ሲስተም ኤክስት4 (ext4) 5% ያህሉን ቦታ ለሩት፣ ማለትም ለዋናው አስተዳዳሪ ስለሚያስቀር፣ የዲኤፍ ቁጥሮች ተደምረው ልክ ባይመጡ አትደንግጥ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሎጉ 40 ጊጋ መድረሱ ነው። ያ በጤና አይደለም፣ የሆነ ፕሮግራም እየጮኸ ነው። አዲሱ ሎግ ማደግ ሲጀምር ቴይል (tail) ብለህ፣ የፋይሉን ስም ጨምረህ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብብ። አንድ መስመር እየተደጋገመ ካየህ ችግሩ እሱ ነው፤ ገልብጠህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።