ከአምስት ቡሎን ወደ አራት፦ የድሮ መኪና የኋላ ጎማ ጥያቄዎቻችሁ

የድሮ መኪና ያላችሁ የጅማና የአካባቢው ሰዎች ስለ ጎማ ቡሎን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። ግማሹ ያው ስለ ቮልስ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ሳልነካቸው የማላልፋቸውን መርጬ እነሆ።

ጋሼ፣ የ1965 ሞዴል ቮልስ ገዛሁ። የፊቱን የቀድሞው ባለቤት ዲስክ ፍሬን አስገብቶበት ባለ አራት ቡሎን ሆኗል። የኋላው አምስት እንደሆነ ቀርቷል። አዲስ አበባ ልሄድ ስል ሁለት ስኮርታ መያዝ ሊኖርብኝ ነው። የኋላውን እንዴት አራት ላድርገው? (ከፈረንጅ አራዳ)

መኪናህ የሁለት ዘመን ቅልቅል ነው። ቮልስ ለብዙ ዓመት የሠራው በአምስት ቡሎን ነበር። ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ 205 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1966 ዲስክ ፍሬን ያለው 1500 ሲወጣ አራት ቡሎን በ130 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ መጣ። በ1968 ሞዴል ሌሎቹም ተከተሉት። የፊትህ እግር ከዚህ ከኋለኛው ዘመን የመጣ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ በቮልስ ላይ ቡሎኑ የሚታሰረው በታምቡሩ (የፍሬን ሸራው ከውስጥ በሚፈትገው ክብ ብረት) ላይ ነው። ታምቡሩ ደግሞ በአክስሉ ጫፍ ባሉት ጥርሶች ላይ ገብቶ በአንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ይያዛል። ስለዚህ ታምቡር ከቀየርክ የቡሎኑን አቀማመጥ ቀየርክ ማለት ነው። ሌላ ጥበብ የለውም።

የሚያስቸግረው ከታምቡሩ ጀርባ ያለው ነው። የ1967 ሞዴል ላይ ሲደርስ የቮልስ የኋላ እግር ሰፍቷል፤ አክስሉም ረዝሟል። ያንተ አጭሩ ነው። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ሄደህ ባለ አራት ታምቡር ብቻ ገዝተህ አትምጣ። ታምቡሩን፣ ሸራው የሚታሰርበትን ሳህን፣ ሸራዎቹንና የፍሬን ሲሊንደሩን ከአንድ መኪና የወጡ ሆነው አንድ ላይ ግዛ። ከኩሽኔታው ውጪ ያለውን ክዳንና ቀለበትም ጨምር። ከዚያ ዘይት ሳትቀባ፣ ሳታጠብቅ፣ በደረቁ ሰብስበህ እይ። ዳዶው የአክስሉን ጥርስ ሙሉ በሙሉ ይይዛል? የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደው ሽቦ) ቀዳዳ በዳዶው ክፍተት በኩል ይታያል? ታምቡሩ ሲዞር ሳህኑን ይነካል? ሦስቱም ከተስተካከሉ ሥራው አለቀ ማለት ይቻላል። አንዱ ከጎደለ ክፍሎቹ ያንተ አይደሉም። በመዶሻ አይስተካከልም።

አቅሙ ካለህ ደግሞ ሙሉውን የኋላ ካምቢዮ ከነአክስሉ ከኋለኛ ሞዴል መውሰድ ይቻላል። ሥራው ይበዛል፣ ጥያቄው ግን ይቀንሳል።

ቶርኖ ቤት ወስጄ የድሮውን ታምቡር በአዲስ አቀማመጥ ባስበሳውስ? ጎረቤቴ ያሉት ጎበዝ ናቸው። (ከሄርማታ)

ጎበዝነታቸውን አልጠራጠርም። ጥያቄው ብረቱ ነው። የቮልስ ታምቡር ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት (ካስት) ነው፤ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። በ205 ክብ ላይ ፋብሪካው ለቡሎን ብሎ ያወፈረው ቦታ አለ። በ130 ክብ ላይ ግን ያን ውፍረት አታገኝም። ጥርስ ለማውጣት የሚበቃ ብረት ከሌለ ቡሎኑ የሚይዘው ነገር የለውም።

ለራስህ የምትለካበት ቀላል መንገድ ልስጥህ። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር መግባት አለበት። ይህ 12 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ነው፤ እሱም ለተራ ብረት ነው። ለካስት ከዚያ በላይ ነው የሚፈለገው።

የድሮውን ቀዳዳ በብየዳ ሞልቶ እንደገና መብሳት የሚል ሐሳብ ያመጣችሁም ነበራችሁ። በፍጹም። ካስት ላይ የተበየደ ቦታ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ታምቡር ደግሞ በአዲስ አበባ መንገድ፣ በጊቤ ቁልቁለት ላይ የሚግል ነገር ነው። አበልቲን ወርደህ ድልድዩ ጋ ስትደርስ እጅህን አስጠግተህ እየው፤ ምን ያህል እንደሚሞቅ ይገባሃል። አትንካው ግን።

ባለ አራት ታምቡርን ወደ ሌላ አቀማመጥ መብሳት የተለየ ነው። በውጭ አገር ተጨማሪ ቀዳዳ ያላቸው ታምቡሮች ተሠርተው ይሸጣሉ። ካገኛችሁ እነሱን ግዙ።

አዳፕተር የሚባለው ቀለበትስ? አንዱ በታምቡሩ ላይ ይታሰራል፣ ጎማው በእሱ ላይ። በአንድ ሰዓት ያልቃል አሉኝ። (ከቦሳ ኪቶ)

ያልቃል። እኔ ግን ለጭቃና ለጉድጓድ መንገድ አልመክረውም። ምክንያቴን ልንገርህ።

ብዙ ሰው ጎማውን የሚሸከመው ቡሎኑ ይመስለዋል። አይደለም። ቡሎኑ ሥራው ቸርኬውን ከታምቡሩ ጋር አጥብቆ መጫን ነው። ጭነቱን የሚሸከመው የሁለቱ ብረቶች መያያዝ ነው። ቡሎን ሲላላ ያ መያያዝ ይጠፋል፣ ከዚያ ቡሎኑ እንደ ምስማር ወዲያና ወዲህ ይመታል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። አዳፕተር ስታስገባ መላላት የሚችል ቦታ ሁለት አደረግህ። የውስጠኛውን ደግሞ ጎማ ሳታወጣ አታየውም። ወደ ዴዶ አቅጣጫ ለሚመላለስ ሰው ይህ ጥሩ ዜና አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ጎማው ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። በየጎኑ 25 ሚሊ ሜትር ብትጨምር እግሩ በ50 ሰፋ። ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ሰው ጭነህ ስትሄድም ጎማው ፓራፋንጎ (የጎማውን መከለያ) ሊነካ ይችላል።

የግድ ከሆነ ከአንድ ቁራጭ ብረት የተቆረጠ፣ ያልተበየደ፣ መሐሉ በልክ የገባ ይሁን። ከረጅም መንገድ በፊትም ጎማ አውጥተህ የውስጡን ቡሎን አጥብቅ። ይህን እያደረገ የሚነዳ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የኋላውን ትልቅ ዳዶ መፍታት አቃተኝ። ሁለት ቁልፍ ሰበርኩ። (ከጊንጆ)

መጀመሪያ ኮፒሊያውን አወጣህ? (ሳያወጡ የሚታገሉ አሉ፤ አልስቅብህም።) ዳዶው 36 ቁጥር ነው። ፋብሪካው ያጠበቀው በ300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር በሚረዝም ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ እንደ መስቀል ነው። ዝገት ሲጨመርበት እጥፍ ይሆናል።

መኪናውን ክሪክ ላይ ሰቅለህ አትፍታው። ጎማው መሬት ላይ ሆኖ፣ እጅ ፍሬን ተይዞ፣ የፊቱ ጎማ በድንጋይ ተደግፎ ነው የሚፈታው። ከመሸ በኋላ ዘይት ቀብተህ ለጠዋት አሳድረው። ከዚያ ወፍራም ቡሻ (ዳዶው ላይ የሚሰካ ቁልፍ)፣ ጠንካራ እጀታና ረጅም ቧንቧ። በመሮ እየመቱ ማዞር ዳዶውንም ጥርሱንም ያበላሻል። ዳዶው የተመታ ሆኖ ካገኘኸው በአዲስ ቀይረው።

ስትመልሰው ደግሞ አንድ ነገር አትርሳ። በሚፈለገው ልክ አጥብቀህ የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልተገጣጠመ፣ እስኪገጣጠም ድረስ ወደፊት አጥብቅ። ወደ ኋላ አታላላ። የላላ ዳዶ ያለው ታምቡር በአክስሉ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የውስጡንም ጥርስ ይበላዋል። ጥርሱ የተበላ ታምቡር መሸጥ አልነበረበትም። ይሸጡልሃል እንጂ። ስለዚህ ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው የቡሎኑን ቀዳዳ ሳይሆን ይህን የመሐሉን ጥርስ ነው።

ኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ ነኝ። አራት ቀዳዳ መለካት ቀላል ነው፤ ትይዩዎቹን ከመሐል እስከ መሐል። አምስት ሲሆንስ? ትይዩ የለውም።

ጥሩ ጥያቄ። አንዱን ዝለልና የቀጣዩን ርቀት ከመሐል እስከ መሐል ለካ። ያገኘኸውን በ1.05 አባዛ። ለቮልስ 195 ገደማ ታገኛለህ፤ ሲባዛ 205 ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉትን ከለካህ ደግሞ በ1.7 አባዛ። እዚያ 120.5 አካባቢ ነው የምታገኘው። የቀዳዳ መሐል ማግኘት ስለሚያስቸግር ከአንዱ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ግራ ጠርዝ ለካ። ያው ነው። የሳይን ሠንጠረዡን አንተ ታውቀዋለህ፤ ለምን 1.05 እንደሆነ ለጋራዡ ልጆች አስረዳልኝ።

ላዳዬ ላይ የሌላ መኪና ቸርኬ ገባ። አራቱም ቡሎን ገብቷል። ከ80 በላይ ስነዳ ግን መሪው ይንቀጠቀጣል። (ከአጋሮ)

የቸርኬው የቡሎን ክብ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ላዳህ 98። ቀድሞ የተሠራበት ፊያት 124ም እንደዚያው 98 ነው። በዓይን አይለይም። ቡሎኑም ይገባል፣ ይጠብቃልም። ግን መሐሉን አይዝም። አንዱ ቡሎን በትክክል ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ተጣመው ይጎተታሉ። መንቀጥቀጡ ከዚያ ነው። ሚዛን ብታስይዘው አይለቅህም። ቶሎ አውጣው። ሁለት ሚሊ ሜትር ብለህ አትናቀው፤ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው፤ ምክንያቱም የገባ ይመስላል።

ኮሮላ ዲኤክስ። የኋላውን ቡሎን አቀማመጥ መቀየር ይቻላል?

ይቻላል። የኋላ ጎማው የሚነዳው ሞዴል አራት ቡሎን በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው። ቡሎኑ በአክስሉ ጫፍ ባለ የብረት ሳህን ላይ ተጨቁኖ የገባ ነው። ብረቱ የሚታጠፍ ዓይነት ስለሆነ ጥሩ ቶርኖ ሊበሳው ይችላል፤ አዲሱና የድሮው ቀዳዳ ካልተጠጋጉና ጠርዙ ላይ በቂ ብረት ከቀረ። ግን ለምን? የ114.3 ቸርኬ በየጋራዡ ሞልቷል።

ቸርኬውን በአሉሚኒየም ቀየርኩ። የድሮውን ቡሎን ልጠቀም?

የቡሎኑን አንገት እይ። የቮልስ የብረት ቸርኬ ቡሎን አንገቱ እንደ ኳስ የተጠጋጋ ነው። አብዛኛው በኋላ የተሠራ የአሉሚኒየም ቸርኬ የሚፈልገው ደግሞ እንደ ኮን የሾለ ነው። ክቡን በኮን ቀዳዳ ካስገባህ የሚነካካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። ዛሬ ይጠብቃል፣ ነገ ይላላል። ርዝመቱንም አትርሳ። ወፍራም ቸርኬ ረጅም ቡሎን ይፈልጋል፤ ከልክ ያለፈ ረጅም ደግሞ ውስጥ ገብቶ የፍሬን ሸራ ይነካል። የ12 እና የ14 ሚሊ ሜትር ቡሎን ደግሞ እንደ ዓመቱ ሁለቱም በቮልስ ላይ አሉ። እንዳታቀላቅል።

መኪናው የአባቴ ነበር። የፊቱን ነው የቀየሩት፤ እኔ ግን የድሮ መልኩን እወደዋለሁ። የኋላውን አራት ከማድረግ የፊቱን ወደ አምስት ልመልስ ይሆን? (ከጅሬን)

እህቴ፣ እኔን ከጠየቅሽኝ መልሺው። ከተማ ውስጥ ለመንዳት በደንብ የተስተካከለ ታምቡር ፍሬን ይበቃል። የኋላው ሳይነካ ይቀራል። የአምስት ቡሎን ቸርኬ ማግኘት ከባድ ነው፤ ያሉሽን አትሽጪ፣ አታበድሪ። በየጊዜው አዲስ አበባ የምትመላለሺ ከሆነ ግን ዲስኩን ተይው። ጊቤ ላይ ያመሰግንሻል። ያኔ የኋላው ወደ አራት ይሂድ።

ታምቡር ከተቀየረ በኋላ በጎማው ውስጠኛ በኩል ዘይት ይወርዳል።

የካምቢዮ ዘይት ነው። ፓራኦሊዮው (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) ተገልብጦ ገብቷል ወይም ቀለበቱ ተረስቷል። ሸራው ዘይት ከጠጣ በቤንዚን አታጥቡት፤ ቀይሩት። የሁለቱንም ጎን፣ አለበለዚያ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ዋጋ?

አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም።

ሁሉን ጨርሻለሁ። አራቱም ጎማ አራት ቡሎን ሆኗል። ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ልነሳ ነው። የቀረ ነገር አለ?

ቡሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቅ። ቸርኬው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለም ካለ ፋቀው፤ ቀለም ይሰባበርና ቡሎኑ ይላላል። ስኮርታህ አራት ቀዳዳ መሆኑን ከፍተህ እይ። አሰንዳቦ ስትደርስ ቁም፣ ሻይ ከመጠጣትህ በፊት ሁሉንም እንደገና አጥብቅ። እግረ መንገድህን ታምቡሮቹን በቅርብ ሆነህ እያቸው። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ሸራው ተጣብቋል ማለት ነው፤ ጊቤን ሳትወርድ እዚያው አስተካክለው። ትልቁን ዳዶ ደግሞ ስትመለስ ኮፒሊያውን አውጥተህ እንደገና ሞክረው።