የአሜሪካው ሮክ ባንድ የፖይዝን «ኤቭሪ ሮዝ ሃዝ ኢትስ ቶርን» ዘፈን እውነተኛ ታሪክ ነው ወይስ ለሬዲዮ ተብሎ የተፈበረከ? (መልስ)

ወንድሜ፣ እውነተኛ ነው። ቢያንስ ዘፋኙ ብሬት ማይክልስ ራሱ በየቃለ መጠይቁ የሚናገረው እንደዛ ነው። ባንዱ ዳላስ ውስጥ ሥራ ላይ እያለ ብሬት ልብሱን ሊያጥብ ላውንደሪ ይገባል፣ እግረ መንገዱንም ሎስ አንጀለስ ላለችው ፍቅረኛው ይደውላል። ከጀርባዋ የወንድ ድምፅ ሰማ። በቃ፣ አለቀ። ልብሱ እስኪደርቅ ጊታሩን ይዞ «ኤቭሪ ሮዝ ሃዝ ኢትስ ቶርን»ን መጻፍ ጀመረ።

«ሜካፕ የሚቀቡ ወንዶች ይህን ከየት አመጡት» ያልከው ግን አልተዋጠልኝም። ፀጉራቸውን በስፕሬይ የሚያቆሙት ለመድረክ ነው እንጂ ልባቸው እንደማንም ሰው ይሰበራል። ሄድፎን አድርገህ መግቢያውን ስማው። በጊታር ሁለት ኮርድ ብቻ ሲመላለስ፣ ብሬት በረጅሙ ሲተነፍስ ይሰማል። ያቺን ትንፋሽ አለመቁረጣቸው ለእኔ ከባንዱ ጊታሪስት ከሲ.ሲ. ዴቪል የጊታር ሶሎ ይበልጥብኛል (ሶሎውም አሪፍ ነው፣ አድናቂዎቹ እንዳይጣሉኝ)።

ዘፈኑ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ በዓመቱ መጨረሻ በአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ በቢልቦርድ አንደኛ ሆነ፣ ሦስት ሳምንትም ቆየ። ፖይዝን ከዚያ በፊትም በኋላም አንደኛ ወጥቶ አያውቅም።

አድናቂዎቹ አሁንም አሉ ወይ ላልከው፣ አሉ እንጂ! ከሌሎቹ የሮክ ባንዶች ከዴፍ ሌፐርድና ከሞትሊ ክሩ ጋር በ2020 (እ.ኤ.አ.) ሊያደርጉት የነበረው የስታዲየም የኮንሰርት ጉዞ በኮቪድ ምክንያት ሁለቴ ተራዝሞ በ2022 ሲካሄድ ስታዲየሙ ጢም ብሎ ነበር። ድሮ ለዚህ ዘፈን ላይተር ያበሩ የነበሩት ሰዎች ዛሬ ሞባይላቸውን እያበሩ፣ ልጆቻቸውን አስከትለው አብረው ይዘፍናሉ።