የተላጠውን ቀለም ገልብጠው ጀርባውን ይዩ

ጥያቄ፦ የሳሎናችን ግድግዳ ቀድሞ የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ነበረው። በላዩ ሁለት እጅ ፕላስቲክ ቀለም አስቀባን። ወር ሳይሞላው በመስኮቱ ዙሪያ እንደ ወረቀት እየተላጠ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲገባ ደግሞ የሩሎው መስመር ሁሉ ይታያል። ናሙናው ላይ ለስላሳ ግራጫ የነበረው ቀለምም ማታ ማታ ሰማያዊ ይመስላል። የተሻለ ቀለም ገዝተን በላዩ ብንደግመው ይስተካከላል?

መልስ፦ አይስተካከልም። አዲሱ ቀለም ምንም ቢወደድ የሚይዘው ከሥሩ ያለውን ነው፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ እየለቀቀ ነው። ሌላ እጅ ሲጨመርበት እየደረቀ ሲሰበሰብ የላላውን ይበልጥ ይስበዋል።

መጀመሪያ ከተላጠው አንድ ቅርፊት አንሥተው ጀርባውን ይዩ። ጀርባው ንጹሕ ሆኖ ጥፍር ሲያስኬዱበት የሚያዳልጥ ከሆነ፣ ፕላስቲክ ቀለሙ የዘይት ቀለሙን ሳይነክስ ላዩ ላይ ብቻ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ከነገሩኝ ተነሥቼ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። ጣት ላይ የሚቀር ነጭ ዱቄት ካለው ግን ጥፋቱ ያልተጠረገ አቧራ ወይም የሚፈረፈር ስቱኮ ነው። ግድግዳው ሲዳሰስ ከረጠበ ወይም ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ካወጣ፣ ውኃ አለና ቀለሙን ለጊዜው ይተዉት።

መላጡ መስኮት ዙሪያ ስለ ጀመረ የውኃውን ነገር ሳያጣሩ አይለፉ። 50 በ50 ሳንቲሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገው አንድ ቀን ሙሉ ያቆዩት። ጠብታው ላስቲኩና ግድግዳው መካከል ከታየ እርጥበቱ የሚመጣው ከግድግዳው ነው፤ የመስኮቱን ጠርዝ ማሸጊያና የውጩን ደፍ ያስፈትሹ። ጠብታው ወደ ክፍሉ በዞረው ገጽ ላይ ከሆነ የክፍሉ እንፋሎት ነው፤ መድኃኒቱ አየር ማስገባት ነው።

ቀጥሎ ደህና የሚመስለውን ቦታ ይፈትኑ። በስለታም ምላጭ 3 ሚሊሜትር ያህል እያራራቁ ስድስት መስመር ወደ ታች፣ ስድስት ደግሞ አግድም ይቁረጡ፤ በላዩ ጠንካራ ፕላስተር ለጥፈው በጣት ካሹ በኋላ ባንዴ ይሳቡት። ትንንሾቹ አራት ማዕዘኖች ከፕላስተሩ ጋር ከመጡ ያ ግድግዳ በሙሉ መፋቅ አለበት። በየግድግዳው ሁለት ሦስት ቦታ ይሞክሩ፤ መስኮቱ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ሥራው በጣም ይቀንሳል።

የላላውን በስፓቱላ ይፋቁ። የቀረውን ቀለም ጠርዝ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እያሹ ያሳሱት፤ ዐይን ጨፍነው በመዳፍ ሲዳስሱት ደረጃው እስኪጠፋ ድረስ። ይህን የዘለለ ሰው ከሁለት እጅ ቀለም በኋላም የቅርፊቱን ካርታ ያየዋል። የተጋለጠውን የዘይት ቀለም በሳሙና አጥበው፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው፣ ሲደርቅ አብረቅራቂነቱ እስኪጠፋ በ180 ቁጥር ይሹት። ቤቱ አሮጌ ከሆነ ግን የቆየው የዘይት ቀለም ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል፣ ሳያስመረምሩ በደረቁ አይሹት፤ ብናኙ ለልጆች አደገኛ ነው።

ከዚያ ለአብረቅራቂ ገጽ የተሠራ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ ግድግዳውን እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ መሠረት፣ አንድ እጅ ይቅቡ። በስቱኮ የተሞላውም ቦታ ፕራይመር ይግባው። ስቱኮ ከቀረው ግድግዳ ይልቅ ውኃ ስለሚመጥ፣ ያለ ፕራይመር ሲቀባ ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል።

የሩሎው መስመር የሚመጣው ቀለም መድረቅ ከጀመረ በኋላ ስለሚነካ ነው። ብዙ ቀቢዎች የክፍሉን ጠርዝ በሙሉ በብሩሽ ጨርሰው ከዚያ ሩሎ ያነሣሉ፤ ጠርዙ ደርቆ ስለሚጠብቃቸው ግድግዳው ክፈፍ የገባ ሥዕል ይመስላል። የአንድን ግድግዳ ጠርዝ ብቻ ይቅቡና ሳይደርቅ በሩሎ ይያያዙት። ከላይ እስከ ታች አንድ ሜትር የማይሞላ ስፋት እየያዙ ይሂዱ፤ እያንዳንዱ አዲስ ምት ርጥቡን ጠርዝ ይንካ። ሩሎውን አይጫኑት፤ ጫፉ ላይ የሚጨመቀው ቀለምም መስመር ያወጣል። ዕረፍት ካስፈለገ ማዕዘን ላይ ደርሰው ይቁሙ እንጂ ግድግዳ መሐል አይሁን። ያመለጠ ቦታ ካዩም ለሁለተኛው እጅ ይተዉት፤ ተመልሶ መነካካት ያባብሰዋል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበትን ግድግዳ ፀሐዩ ሲያልፍ ይቅቡት። እርስዎ እንዳሉት የጠዋት ብርሃን ግድግዳውን ገረፍ አድርጎ ስለሚገባ፣ የማያብረቀርቅ ቀለም ይምረጡ፤ ማብረቅረቅ እያንዳንዷን ጉድፍ ያጎላል።

ስለ መጠን፦ 4 በ5 ሜትር የሆነና ቁመቱ 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 18 ሜትር ነው፤ ግድግዳው 50.4 ካሬ ሜትር። በርና መስኮት ሲቀነስ 47 አካባቢ ይቀራል። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ 9.4 ሊትር ያህል ያስፈልጋል፤ 10 ይግዙ። ጣሳዎቹን ከመጀመርዎ በፊት በአንድ ባልዲ ያደባልቋቸው፤ ከጣሳ ጣሳ ያለው ጥቂት ልዩነት ግድግዳ መሐል ሲገናኝ ጎልቶ ይታያል።

ጠርዝ ላይ የለጠፉትን የወረቀት ፕላስተር የመጨረሻው እጅ ሳይደርቅ ቀስ ብለው ይላጡት። ከደረቀ አስቀድመው በምላጭ መስመሩን ይቁረጡ፤ አለዚያ ቀለሙን ይዞ ይነሣል።

ወደ ሰማያዊው ነገር ስመጣ፣ ማታ ማታ የሚብስ ከሆነ ጥፋቱ የአምፖሉ ሊሆን ይችላል። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የተጻፈበት አምፖል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ግራጫ ደግሞ የሚያርፍበትን ብርሃን ወዲያው ይቀበላል። አንድ ባልዲ ቀለም ከመግዛትዎ በፊት 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሆነ አምፖል አስገብተው አንድ ምሽት ይዩት። ቀለሙ ራሱ ካልወደድዎት፣ 60 በ60 ሳንቲሜትር ካርቶን ነጭ ቀብተው ዳር ዳሩን ነጭ እየተዉ በሚፈልጉት ቀለም ሁለት እጅ ይቅቡት። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በየግድግዳው እያዞሩ፣ ከሶፋውና ከመጋረጃው አጠገብ ይመልከቱት። ሶፋና መጋረጃ ገና የሚገዙ ከሆነ እነሱን ያስቀድሙ፤ ቀለም ለጨርቅ ይቀመማል፣ ለቀለም የሚስማማ ጨርቅ ፍለጋ ግን አድካሚ ነው።

ሲጨርሱ ግድግዳው በጥቂት ሰዓት ደረቅ ይመስላል፤ በደንብ የሚጠነክረው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ አይጠቡት፣ የሶፋውንም ጀርባ ግድግዳው ላይ አያስደግፉት።