«ያልተሸነፈው» ብለን ያሳተምነው መጽሐፍ

ትናንት ማታ አንዲት እህታችን እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «ወንድሜ ቦክሰኛ ነው። በኪሎው ሻምፒዮን ነው። ገና 28 ዓመቱ ስለሆነ ቢያንስ አራት አምስት ዓመት ይጫወታል። አሁን የሕይወት ታሪኬን በመጽሐፍ አሳትማለሁ ብሎ ተነስቷል። ቤተሰቡ ሁሉ ‹ገና ነህ፣ ጓንትህን ስትሰቅል ትጽፋለህ› ይለዋል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

እህቴ፣ እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች አብዛኞቹ «ይቆይ» ብለዋል። እኔ ይጻፍ ባይ ነኝ። አሁኑኑ ይጻፍ። ግን እኛ የሠራነውን ስህተት እንዳይደግም ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

ባሕር ዳር ነው የምኖረው። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። በወጣትነቴ ሁለት ዓመት ያህል ቦክስ ሠርቻለሁ። እኔ ተውኩት፣ አብሮኝ የጀመረው ጓደኛዬ ቀጠለ። የክልል ሻምፒዮን ሆነ። ሠፈራችን ውስጥ በስሙ የሚጠሩት እናቱ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው «ሻምፒዮን» ነው የሚለው። የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ቤቴ መጥቶ «መጽሐፍ እንጻፍ» አለኝ። እሱ ሊናገር፣ እኔ ልጽፍ ተስማማን።

መጀመሪያ የተቃወሙን እናቱ ናቸው። «ገድል የሚጻፈው ላረፈ ሰው ነው። አንተ ምን ሆነህ ነው?» አሉት። ሟርት ሆኖባቸው ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ስጋት ያውቀዋል። በየገዳሙ ያለው ብራና በአብዛኛው ስላለፉ ሰዎች ነው የሚናገረው። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል እንኳ እዚሁ ሐይቁ ዳር፣ ቆራጣ፣ የተጻፈው ካረፉ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። እኔ ለእናትየው የነገርኳቸው ሌላውን ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ንጉሡ በሕይወት እያለ ነበር አልኳቸው። ጃንሆይም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የሚለውን መጽሐፋቸውን የመጀመሪያ ክፍል በ1965 ዓ.ም. ሲያወጡ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 1967 ላይ ነው። ትንሽ አሰቡና «እሺ፣ ታሪክ ከሆነ ይሁን። ገድል ግን እንዳትሉት» አሉኝ። ፈቃዱን ያገኘነው እንዲህ ነው። የእናንተም ቤት ሰዎች ውስጥ ውስጡን የፈሩት ይህንኑ ሊሆን ይችላል፤ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።

ለምን አሁን እንደምል ልንገርሽ።

ጓደኛዬ ጠዋት ጠዋት ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይሮጣል። ሲመለስ ሐይቁ ዳር እንገናኛለን። ስልኬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እቀርጸዋለሁ። አንድ ቀን አጠገባችን ቆሮሶ ይጠበሳል። እሱ ለግጥሚያ ሚዛን ሊወጣ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ከሚጫወትበት ኪሎ እንዳያልፍ እያወረደ ነው። አሳውን አየና ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ከዚያ ስለ ረሃብ ማውራት ጀመረ። ቱታ በቱታ ላይ ደርቦ ፀሐይ ላይ ሲሮጥ ላቡ እንዴት እየነጠፈ እንደሚሄድ ነገረኝ። ሌሊት ነቅቶ አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ ሳይውጥ እንደሚተፋው። ሚዛን ላይ ወጥቶ 200 ግራም ስትተርፍ ምን እንደሚሰማው። የእናቱ ሽሮ ሲሸተው እንደሚናደድ፣ ቆይቶ ደግሞ በእናቱ ወጥ በመናደዱ እንደሚያፍር። 40 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ አወራ። ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ምዕራፍ ይኸው ነው። ቦክስ ካቆመ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ጠግቦ ተቀምጦ፣ ያን ረሃብ እንደዚያ አያወራውም። «ኪሎ ማውረድ ከባድ ነበር» ብሎ ያልፈዋል።

ሌላው ትዝታ ነው። ቦክስ ጭንቅላት የሚመታበት ስፖርት ነው፤ ይህን ላድበሰብስልሽ አልፈልግም። ጓደኛዬ አንድ ትልቅ ግጥሚያውን ሲተርክልኝ የመጀመሪያውን ራውንድ ቡጢ በቡጢ ነገረኝ። ሦስተኛውንም እንደዚያው። ሁለተኛው ላይ ግን ዝም አለ። «እዚያ ላይ ምን ሆኜ ነበር?» ብሎ መልሶ እኔን ጠየቀኝ። ክፉኛ የተመታው በዚያ ራውንድ ነው። ታሪኩን ያገኘነው ያን ቀን ከጥግ ሆኖ ውሃና ፎጣ ሲያቀብለው ከነበረ ልጅ ነው። ያ ልጅ በዓመቱ ከአገር ወጣ። ዘግይተን ቢሆን ያ ራውንድ ጠፍቶ ይቀር ነበር።

መሐመድ አሊን ተመልከቺ። የሕይወት ታሪኩን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1975፣ የዓለም ሻምፒዮን እያለ ነው። ከዚያ በኋላ ገና ስድስት ዓመት ተጫውቷል። በ1978 በሊዮን ስፒንክስ ተሸንፎ በዚያው ዓመት ቀበቶውን አስመለሰ። በ1980 በላሪ ሆምስ ተሸነፈ፣ በ1981 የመጨረሻውን ግጥሚያ ተሸንፎ አቆመ። ይህ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ሰዎች «ይኸው ሳያልቅ ጻፈ» ሊሉ ይችላሉ። በ1984 ግን ሐኪሞች የፓርኪንሰን በሽታ እንዳለበት ነገሩት። እንደ ውሃ ይፈስ የነበረው ያ አንደበት ዓመት በሄደ ቁጥር እየከበደው ሄደ። ያልተጻፈውን የመጨረሻ ግጥሚያ ማንም ቴሌቪዥን ላይ ያየዋል። የሰውየውን አንደበት ግን ከየትም አታመጪውም።

አሁን ወደ ስህተታችን ልምጣ።

ጓደኛዬ ያኔ ተሸንፎ አያውቅም ነበር። ሽፋኑ ላይ ጓንቱን ከፍ አድርጎ የተነሳው ፎቶ አለ፤ ከላዩ በትልቁ «ያልተሸነፈው» ይላል። ርዕሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ኅትመቱ ስድስት ሳምንት ዘገየ። በመካከሉ ግጥሚያ ነበረው፤ በነጥብ ተሸነፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 1,000 መጽሐፍ በካርቶን ታሽጎ መጣ። ሁሉም ላይ «ያልተሸነፈው» ይላል።

ሦስት ቀን ካርቶኖቹን ሳይከፍት ክፍሉ ውስጥ አስቀመጣቸው። በአራተኛው ቀን ማታ መጥቶ «ስለ ሽንፈቴ እንጻፍ» አለኝ። ሌሊቱን ተቀምጠን አራት ገጽ ጻፍን። የመጨረሻው ደወል ሲደወል መሸነፉን ከዳኛው በፊት እንዴት እንዳወቀ፣ የተጋጣሚውን እጅ ሲያነሱለት የት እንዳየ፣ በአውቶቡስ ሲመለስ አጠገቡ የተቀመጡ አዛውንት ማን መሆኑን ሳያውቁ ፊቱ ማበጡን አይተው «ማን መታህ ልጄ?» እንዳሉት። ፎቶ ኮፒ አስነስተን በየመጽሐፉ ውስጥ አጥፈን ከተትነው። በምርቃቱ ዕለት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያነበበው ያን ወረቀት ነው። ወረቀቱ የወደቀባቸው ሰዎች በኋላ ቤቴ ድረስ መጥተው ሌላ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። አንድ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ መጽሐፉን ለሰው አውሶ ወረቀቷን ብቻ ኪሱ ውስጥ ይዟት አይቻለሁ።

ይህ የደረሰው በእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ቦክሰኛ ፍሎይድ ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1959 በስዊድናዊው ኢንገማር ዮሃንሰን በአንድ ራውንድ ሰባት ጊዜ ወድቆ ቀበቶውን ተነጠቀ። በዓመቱ በዝረራ አሸንፎ መለሰው። በከባድ ሚዛን የተነጠቀውን ቀበቶ መልሶ የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ነው። በ1962 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሶኒ ሊስተን በመጀመሪያው ራውንድ ዘረረው። ሰው ፊቱን እንዳያውቀው ሰው ሠራሽ ጺም ለጥፎ ነው ከከተማው የወጣው። ነገር ግን የመጽሐፉ ርዕስ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመጣ «ራሴን ማሸነፌ» እንደማለት ነው። ሊስተን ያን ርዕስ ሊነካው አይችልም። የእኛን ርዕስ ግን ሦስት ዳኞች በአንድ ምሽት ሐሰት አደረጉት። ስለዚህ ወንድምሽ ቀበቶውንም፣ አለመሸነፉንም፣ «የመጀመሪያው» የሚለውንም ርዕስ ላይ አያድርግ። ነገ ሌላ ሰው ሊወስድበት የሚችለውን ነገር ሽፋን ላይ አታውጡ። መጨረሻው ገጽም በድል አይዘጋ። ያለበትን ቀን ጽፎ፣ ቀጥሎ ምን ግጥሚያ እንዳለው ተናግሮ፣ እዚያው ይተወው። ሌላው አሜሪካዊ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስም በ1947፣ ሻምፒዮን እያለ፣ አንድ የሕይወት ታሪክ አሳተመ፤ በ1978 ደግሞ ሌላ። ህንዳዊቷ ቦክሰኛ ሜሪ ኮም መጽሐፏን በ2013 አውጥታ በ2018 ለስድስተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። መጽሐፉ አላቆማትም። እሷም መጽሐፉን «አለቀ» ብላ አልዘጋችውም።

ከአንቺ ጋር የምጫወተው ሌላ ጉዳይ አለ፤ ምናልባት ጸሐፊዋ አንቺ ትሆኛለሽና። የሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ማሳመር ይወዳል። እኔ ጓደኛዬ በልጅነቱ ታንኳ እየቀዘፈ ዘጌ ደርሶ ሲመለስ ክንዱ እንደጠነከረ አድርጌ ጻፍኩ። ያምራል። እናቱ ሲነበብላቸው «ልጄ ውሃ ይፈራል፤ ታንኳ ላይ ወጥቶ አያውቅም» አሉ። አፈርኩ። አወጣሁት። የአሊ መጽሐፍ ላይም እንዲህ ያለ ነገር አለ። አሊ በ1960 ሮም ላይ ወርቅ አገኘ፤ የእኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠበት ኦሎምፒክ ነው። መጽሐፉ ጥቁር በመሆኑ ምግብ ቤት ውስጥ አናስተናግድህም ሲሉት ሜዳሊያውን ኦሃዮ ወንዝ ውስጥ እንደወረወረው ይተርካል። በኋላ ግን ለእሱ ቅርብ የነበሩ ሰዎች ሜዳሊያው የጠፋው እንዲሁ ነው አሉ። ዛሬም ክርክሩ አላለቀም። ዘረኝነቱ እውነት ነበር፤ ሰው ግን ስለ ወንዙ ሲከራከር ዋናውን ይስታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ምዕራፍ አብሮት ለነበረ አንድ ሰው አንብቡለት። የአለቃ ለማ ኃይሉ «መጽሐፈ ትዝታ» ይህን ያህል የተወደደው ልጃቸው መንግሥቱ ለማ በቴፕ ቀርጸው የአባታቸውን አነጋገር እንደወረደ ስላቆዩልን ይመስለኛል።

ገና የሚጫወት ሰው ሁሉን አያትምም። ጓደኛዬ የግራ ትከሻው ላይ ጉዳት አለበት። ቀርጸነዋል፤ አላተምነውም። ተጋጣሚውም አሠልጣኙም ማንበብ ይችላሉ። በአንድ ኃላፊ ላይ የነበረውን ቅሬታም በስም ጠርቶ ነግሮኝ ነበር፤ በዚያው ሰው ሥር እየሠለጠነ ስለነበር አቆየነው። ሁለት ደብተር ያዙ። አንዱ የሚታተም፣ አንዱ የሚቆይ። የሚቆየው ውስጥ ዋሽታችሁ አትጻፉ፤ የሚታተመው ውስጥም «ጉዳት የለብኝም» አትበሉ። ዝም ማለትና መዋሸት ይለያያሉ።

የሥራውን ነገር ባጭሩ። ወንድምሽና ጸሐፊው ገንዘቡን እንዴት እንደሚካፈሉና ሽፋኑ ላይ የማን ስም እንደሚወጣ ከመጀመራችሁ በፊት በጽሑፍ ተፈራረሙ። ወንድማማች ብትሆኑም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ን የሚያውቅ ሰው ውሉን ቢያይላችሁ ጥሩ ነው። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ትወስዳላችሁ። ብዙ አታሳትሙ፤ የወረቀት ዋጋ ቢያስፈራም 500 ወይም 1,000 ይበቃል። ካለቀ ድጋሚ ሲታተም አዲሱን ግጥሚያ ትጨምሩበታላችሁ። ጓደኛዬ በሁለተኛው ኅትመት ርዕሱን ቀይሮ አራቱን ገጽ መጀመሪያ ላይ አደረጋቸው። ምርቃቱን ደግሞ ከግጥሚያ ቢያንስ ሁለት ወር አርቁት። ኪሎ እያወረደ ያለ ሰው እንግዳ መቀበል አይችልም።

ቀረጻውን በዚህ ሳምንት ጀምሩ። ጠዋት፣ ከሩጫ በኋላ ይሁን፤ ማታ ከልምምድ ሲመለስ ደክሞት «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነው የሚልሽ። ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ዳር ከሆነ ነፋሱ ድምፁን ይበላዋል፤ የእኛ ሦስት ቀረጻ እንዲሁ ነው የጠፋው። መጀመሪያም ስለ ድሉ አትጠይቂው። ጓንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠለቀለት ማን እንደነበር ጠይቂው።