ኢንቹን ተወው፤ መጀመሪያ መኪናህን ሚዛን ላይ አውጣት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። የ2017 ቶዮታ ፎርራነር አለህ። ከኋላ በ2 ኢንች ከፍ ልታደርጋት ትፈልጋለህ፤ በሰመር ደግሞ 3,500 ፓውንድ የሚመዝን ካምፐር (ተጎታች ማደሪያ) ትጎትትባታለህ። «የትኛውን የኋላ ሞላ ልግዛ?» ነው ያልከው። ከሥር የተሰጡህን መልሶችም አነበብኳቸው። አንዱ ወንድማችን «3 ኢንች ግዛ፤ ካምፐሩ ሲያያዝ ይወርድልሃል» ብሎሃል። በናትህ እሱን አትስማ።

የእኔም እንዳንተው ፎርራነር ናት፤ እስከ 2024 ከተሠራው ከዚያው ሞዴል። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ካምፐር አያይዤ ወደ ምዕራብ ከወጣሁ መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። እና ይሄን ነገር በደንብ ከፍዬበታለሁ። አንተ እንዳትከፍል በተራ በተራ ልጻፍልህ።

1. ሞላ የሚመረጠው በክብደት ነው፤ ኢንቹ ኋላ ነው የሚመጣው። ሁለት የተለያዩ ሞላዎች ባዶዋን መኪና እኩል 2 ኢንች ሊያነሷት ይችላሉ። ልዩነታቸው የሚታየው እቃ ሲጫን ነው። አንደኛው ቁጭ ይላል፣ ሌላው ፍንክች አይልም። የአውስትራሊያዎቹ ኦልድ ማን ኢሙና ዶቢንሰንስ ለዚህ ነው ሞላቸውን መኪናው ላይ ሁልጊዜ በሚኖረው ጭነት እየመደቡ የሚሸጡት። ለባዶ መኪና፣ ለመካከለኛ ጭነት፣ ለከባድ ጭነት ይሉሃል። ስለዚህ ራስህን የምትጠይቀው «ከሰኞ እስከ ሰኞ መኪናዬ ላይ የማይወርድ ምን አለ?» ብለህ ነው። የብረት ባምፐር አስገጥመሃል? ከኋላ ፍሪጅና መሳቢያ አለህ? ወይስ የልጆች ወንበር ብቻ ነው? ካምፐሩ እዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። እሱ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ይሄዳል።

2. የመኪናህን የክብደት ጣሪያ እወቅ። ይቺ መኪና የምትጎትተው እስከ 5,000 ፓውንድ ነው። ካምፐሩ የሚያያዝበት የኋላ ብረት (ሂቹ) ላይ ያለችው ኳስ የምትሸከመው ደግሞ እስከ 500። ሞላ ስትቀይር ይሄ ቁጥር አንዲት ፓውንድ አይጨምርም! ፍሬኑ ያው ነው፣ ግራና ቀኝ ጎማውን የሚይዘው አክስል ያው ነው፣ ሻንሲው ያው ነው። «ሞላ አስቀይሬያለሁ፤ አሁን 6 ሺህ እጎትታለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመህ ከኋላው አትንዳ።

ከካምፐሩ ክብደት ኳሷ ላይ ማረፍ ያለበት ከ10 እስከ 15 በመቶው ነው። ከዚያ ካነሰ ካምፐሩ በፍጥነት መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። ያንተ 3,500 ከሆነ ከ350 እስከ 525 ማለት ነው። ግን የመኪናህ ጣሪያ 500 ስለሆነ ከላይ ያለው 25 የለህም። ውሃውንና ባትሪውን ካምፐሩ ውስጥ የት እንደምታስቀምጥ ከወዲሁ አስብበት።

ሌላም አለ። የሹፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ስቲከር አለ። ሰውና እቃ ተደምሮ ስንት መጫን እንደምትችል ይነግርሃል። ኳሷ ላይ የሚያርፈውም ከዚያው ላይ ነው የሚቀነሰው። 400 ፓውንድ ለኳሷ ከሰጠህ በኋላ የቀረውን ለቤተሰብህ አካፍል። የእኛ ሰው ደግሞ ካምፕ ሲወጣ ቤቱን ይዞ ነው የሚወጣው። ምጣዱ፣ ጄነሬተሩ፣ ሁለት ኩለር ሥጋ፣ ጀበናው ከነረከቦቱ። እናቴ ከአገር ቤት የመጣች ሰሞን ጤፍ በከረጢት ጭነን ወጥተናል። ሁለት ቀን ለማደር!

3. ሚዛን። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ግማሻችን ትራክ ነጂ ስለሆንን ካት ስኬልን ላስተዋውቅ አልፈልግም። ትራክ ለማትነዱ፣ ትራክ ስቶፕ ውስጥ ያለው ትልቁ ሚዛን ነው፤ ለትናንሽ መኪናም ክፍት ነው። ለጉዞ እንደምትወጣ አድርገህ ጫንና ሂድ። የፊት ጎማ አንደኛው ሰሌዳ ላይ፣ የኋላው ሁለተኛው ላይ፣ የካምፐሩ ሦስተኛው ላይ። ወረቀቱን ተቀበል። ከዚያ ካምፐሩን ፓርኪንግ ውስጥ ፍታና መኪናዋን ብቻዋን ድጋሚ መዝናት። በዚያው ቀን ድጋሚ ስትመዝን ዋጋው ቅናሽ ነው። የመኪናዋ የፊትና የኋላ ድምር በሁለቱ ወረቀቶች መሃል የሚኖረው ልዩነት ኳሷ ላይ ያረፈው ክብደት ነው።

የእኔ ወረቀት ላይ ኳሷ 440 ሆነች። የኋላ አክስሉ ላይ የጨመረው ግን 640 ነው! 200ው ከየት መጣ? ከፊት ነው የመጣው። ኳሷ ያለችው ከኋላ አክስሉ አራት ጫማ ገደማ ወደ ኋላ ወጥታ ስለሆነ ጭራውን ወደ ታች ስትጫን አፍንጫውን ታነሳዋለች፤ ልክ እንደ ልጆች ሚዛን መጫወቻ። መሪ የምትይዝልህ የፊት ጎማ 200 ፓውንድ ተቀንሶባታል ማለት ነው። ይሄን ያዝልኝ፤ መጀመሪያ ሞላ የገጠመልኝ ሱቅ ያልገባው ነገር ይሄ ነው።

4. ሱቁ። ስሙን አልጽፍም። ግድግዳው ላይ ድንጋይ የሚወጡ መኪኖች ፎቶ የሞላበት፣ ባንኮኒው በስቲከር የተሸፈነ ቤት ነው። ገብቼ የካምፐሬን ክብደት ማስረዳት ስጀምር ባንኮኒው ጋ ያለው ልጅ አቋረጠኝ። «ስንት ኢንች ነው የምትፈልገው?» አለኝ። የጭነት ምድባቸውን ጠየቅኩት። «ትጎትታለህ አይደል? በቃ ከባዱን ነው የምትወስደው» አለ። አብዛኛውን ቀን ባዶዬን ነው የምነዳው አልኩት። «ትለምደዋለህ፤ እኔ በየቀኑ የምሠራው ሥራ ነው» ብሎ ስልኩን አነሳ። እኔ ቆሜ እየጠበቅኩ ከጓደኛው ጋር ስለ ጎማ ያወራል። ሲጨርስ ቀና ብሎም ሳያየኝ ደረሰኙን ገፋ አደረገልኝ።

ያስገጠመልኝ 400 ኪሎ ሁልጊዜ ለተጫነበት መኪና የሚሆን ሞላ ነው። ስንት መኪና ነው እስቲ 400 ኪሎ ጭኖ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው? ባዶዋን ስትሄድ ጭራዋ ወደ ሰማይ፣ አፍንጫዋ ወደ መሬት። የፊት መብራቷ ወደ አስፋልቱ አጎንብሶ ቀረ። ኮረኮንች ላይ ስትገባ ሞላው አልታጠፍ ስለሚል መኪናዋ እንዳለች ትዘላለች፤ የኋላ ጎማ መሬት አይዝም። እናቴ ከኋላ ወንበር «ልጄ፣ ይቺ መኪና ተጣላችህ እንዴ?» አለችኝ። ፍጥነት ስጨምር ደግሞ ከሥር የሚንቀጠቀጥ ነገር መጣ። ከጊርቦክሱ ወደ ኋላ አክስሉ የሚሄደው ዘንግ አቀማመጡ ተቀይሮ ነው። አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያያዘው ዘንግም አለ፤ መኪናዋ ከፍ ባለች ቁጥር አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። በ2 ኢንች ብዙም አይታወቅህም። ከዚያ በላይ ከወጣህ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ መግዛት ይመጣል።

እሺ፣ ካምፐሩ ሲያያዝስ? ጭራዋ ቀጥ አለች። ከውጭ ስታያት ታምራለች። ግን ያ 200 ፓውንድ ወደ ፊት አልተመለሰም። ሞላ ጭራውን ያነሳል እንጂ ክብደት አያመላልስም። በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ አይዘንሃወር ቱነል ስትወጣ ከባሕር ጠለል በላይ 11 ሺህ ጫማ ታልፋለህ። 270 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚያ ጋ ሲደርስ ሲሶው የለም። ከቱነሉ በምዕራብ በኩል ስትወጣ ደግሞ 7 በመቶ ቁልቁለት ይጠብቅሃል፤ ፍሬን ለበጠሰ ትራክ ማምለጫ መንገድ ያለበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ንፋስ ከጎን ሲመታህ መሪው እጅህ ላይ ቀሎ ሲንሳፈፍ ይታይህ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ የበሩን እጀታ ያዘች።

ሁለቱንም የሚዛን ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። ልጁ አየት አደረገና «ይሄ የትራክ ሚዛን ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት መኪና አይሆንም» አለኝ። ለእኔ! በሙሉ ጭነት 80 ሺህ ፓውንድ ይዤ፣ አንድ አክስል ከተፈቀደው በለጠ ተብዬ እንዳልቀጣ ወረቀቷን እንደ ዳዊት የማነብ ሰው ነኝ። አለቃውን ጥራልኝ አልኩ። አለቃው መጥቶ «የተገጠመ እቃ አይመለስም» አለ። ወረቀቱን ለማየት እጁን እንኳ አልዘረጋም።

ሞላውን ያስቀየርኩት አንድ ሐበሻ ጋራዥ ነው። ሰውዬው አገር ቤት ባሌስትራ ሲሠራ የኖረ ነው። ገና ከመኪናው ሳልወርድ የጠየቀኝ «ሚዛን ላይ አውጥተሃታል?» ብሎ ነው። ልስመው ነበር። ለፍሪጄና ለመሳቢያዬ የሚሆነውን፣ 200 ኪሎ ሁልጊዜ ለሚሸከም መኪና የተሠራውን ሞላ አስገባልን። ከሞላው ርዝመት ጋር የሚሄድ አሞርዛተርም (የሞላውን ዝላይ የሚያበርደው) አብሮ። ይሄን እንዳትዘለው። ረጅም ሞላ ላይ የፋብሪካውን አጭር አሞርዛተር ከተውክ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ አሞርዛተሩ ያልቅበትና ይመታል። ያንተ ሊሚትድ የሚባለው ዓይነት ከሆነች ደግሞ አሞርዛተሮቹ በቱቦ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ብቻ መቀየር አይቻልም፣ አራቱንም ነው።

የተራ ቁጥሩ ከእጄ ወጣ መሰለኝ፤ ይሁን። ለካምፐሩስ ምን አደረግን? ሁለት መንገድ አለ፤ እኔ ሁለቱም አለኝ።

አንደኛው ሞላው ውስጥ የሚገባ የአየር ከረጢት ነው። ኤር ሊፍት 1000 የሚባለው ይታወቃል፤ ርካሽ ነው። ከ5 እስከ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይነፋል። ስታያይዝ ትነፋዋለህ፣ ስትፈታ ወደ 5 ታወርደዋለህ። ጨርሰህ ባዶ አታድርገው፤ ሞላው ይቆነጥጠዋል። የግራውና የቀኙ ቱቦ ለየብቻ ይሁን። በአንድ ቱቦ ካገናኘሃቸው ኩርባ ላይ አየሩ ወደ ሌላኛው ጎን ይሸሽና መኪናዋ የባሰ ታዘነብላለች።

ግን ከረጢቱም ቢሆን ጭራ ነው የሚያነሳው። ፊቱን የሚመልስልህ ክብደት አከፋፋይ ሂች ነው፤ እነዚያ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ያሉት። ብረቶቹ ተወጥረው ከኳሷ ላይ የተወሰነውን ወደ ፊት ጎማና ወደ ካምፐሩ አክስል ይመልሱታል። ካስተካከልከው በኋላ ድጋሚ ሚዛን ላይ ውጣ፤ የፊቱ ቁጥር ሲመለስ በዓይንህ ታየዋለህ። የእኔ ከ200ው አብዛኛው ተመልሷል። ፒስታ ላይ ገብተህ ቦይ የምትሻገር ከሆነ ግን ብረቶቹን አውልቃቸው፤ እዚያ ላይ ሂቹን ራሱን ሊያጣምሙት ይችላሉ።

መኪናዋ ከፍ ስትል ኳሷም አብራ ትወጣለች። ወደ ታች የሚወርድ የኳስ መያዣ ግዛ፤ ካምፐሩ አፍንጫውን ቀስሮ እንዳይሄድ። የፊት መብራቱን አቅጣጫም አስተካክል። እና ኮሎራዶ የምትመጣ ከሆነ ከ3,000 ፓውንድ ጀምሮ ትሬለሩ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው፤ ዳሽቦርድህ ላይ የፍሬን መቆጣጠሪያ አስገጥም።

አሁን ሦስት ነገር ጻፍልኝ፤ ሞዴሏ የትኛዋ እንደሆነች፣ ሁልጊዜ ውስጧ የሚቀመጠውን፣ እና ሁለቱን የሚዛን ወረቀቶች ፎቶ። ከእነሱ ተነስቼ የትኛው ምድብ እንደሚሆንህ እነግርሃለሁ። የሱቁን ስም የምትፈልግ ከሆነ በውስጥ መስመር ና።