ዝገት የለበሰው የኖራ ድንጋይ

ጠያቂያችን የሚኖሩት ምዕራብ ፔንሲልቬኒያ ነው። በገዙት መሬት ጥግ ካለ የተተወ የድንጋይ ከሰል ዋሻ የሚወጣው ውሃ ጅረቱን ብርቱካናማ አድርጎታል። በሰው ምክር ሁለት ገልባጭ መኪና የኖራ ድንጋይ ውሃው መንገድ ላይ አስደፉ። ለጥቂት ወራት ለውጥ ታየ፤ አሁን ድንጋዩ ዝገት ለብሶ ጅረቱ እንደ ቀድሞው ሆኗል። «ሌላ ድንጋይ ልጨምር ወይስ የዋሻውን አፍ ላስደፍነው?» ይላሉ።

ሁለቱንም አያድርጉ፤ በተለይ መድፈኑን። ውሃው ከኋላ ተጠራቅሞ ግፊቱ ሲበረታ፣ ወይ መድፈኛውን ገንጥሎ በአንዴ ይወርዳል፣ ወይ ባላሰቡት በኩል፣ ምናልባትም በጎረቤት ግቢ ይወጣል። ለመለካት ብለውም ወደ ውስጥ አይግቡ። በአሮጌ ዋሻ ውስጥ ኦክስጅን ሊያንስ ይችላል፣ ይህን ደግሞ በማሽተት አያውቁትም።

ከሰሉ አካባቢ ያለው ፓይራይት የብረትና የድኝ ውህድ ነው። አየርና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድና የሟሟ ብረት ይሰጣል። ውሃው ከመሬት ሲወጣ ጥርት ያለ ከሆነ ብረቱ ገና አልዛገም ማለት ነው። የኖራ ድንጋይ አሲዱን ሲያበርደው ብረቱ አየር ላይ ቶሎ ይዝጋል፣ ዝገቱም እዚያው ድንጋዩ ላይ ይጋገራል። የእርስዎ ድንጋይ አላለቀም፣ ታፍኗል።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን ልክ ከሚወጣበት ቀድተው ያስመርምሩ፦ ፒኤች፣ አሲድነት፣ አልካላይነት (ውሃው አሲድን የማብረድ አቅሙ)፣ ጠቅላላ ብረት፣ ከእሱ ያልዛገው ስንት እንደሆነ፣ አሉሚኒየም። ውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ግን እዚያው ቦታው ላይ ይለካ። ፍሰቱን በባልዲና በሰዓት ይለኩ፤ በፀደይም በበጋ መጨረሻም፣ ልዩነቱ ብዙ ነውና።

አልካላይነቱ ከአሲድነቱ ከበለጠ (በእናንተ አካባቢ ይህ ያጋጥማል) ኖራ ጭራሽ አያስፈልግም፤ የሁለቱ መኪና ገንዘብ በከንቱ ሄዷል። የሚያስፈልገው ብረቱ አየር አግኝቶ የሚዘቅጥበት ኩሬና ፊላ የበቀለበት ረግረግ ነው። በደቂቃ 100 ሊትር የሚፈስ፣ በሊትር 40 ሚሊግራም ብረት የያዘ ውሃ በቀን 5.8 ኪሎ ግድም ብረት ያወርዳል። ረግረግ በካሬ ሜትር በቀን ከ10 እስከ 20 ግራም ያስቀራል ብለን ስለምናሰላ፣ ከ290 እስከ 580 ካሬ ሜትር ይፈልጋል።

አሲድነቱ ከበለጠ፣ ነገር ግን ኦክስጅን፣ የዛገ ብረትና አሉሚኒየም እያንዳንዳቸው በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ከሆኑ፣ ድንጋዩን ቦይ ውስጥ ቀብረው በፕላስቲክና በሸክላ አፈር ይድፈኑት፤ አፉ በጭቃ እንደተመረገ የጠላ ጋን አየር አያስገባ። ውሃው በውስጡ 15 ሰዓት ያህል ይቆይ። ብረቱ የሚዛገው ከወጣ በኋላ ኩሬው ላይ ነው። ለዚያው 100 ሊትር፣ 20 ዓመት እንዲያገለግል ከፈለጉ ወደ 600 ቶን ድንጋይ ይገባል። ዶሎማይት (ማግኒዚየም ያለበት፣ የኖራ ድንጋይ የሚመስል ድንጋይ) ሊሸጡልዎ ቢሞክሩ እምቢ ይበሉ፣ አሟሟቱ ዘገምተኛ ነው።

አሉሚኒየም ካለ ግን ይህን የተቀበረ ቦይ እንዳይሞክሩ፤ ነጭ ዝቃጩ በድንጋዩ መሃል ገብቶ ይደፍነዋል። ያኔ የሚሠራው ውሃው ከላይ ገብቶ በኮምፖስት (የበሰበሰ ብስባሽ) ንጣፍ፣ ቀጥሎም በኖራ ድንጋይ ውስጥ ወደ ታች የሚወርድበት ኩሬ ነው። ኮምፖስቱ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፣ የዛገውንም ብረት ወደ ሟሟው ይመልሱታል። ዝቃጩን በየጊዜው ማጠቢያ ቫልቭ ከታች ይኑረው። እሱን የሚከፍት ሰው ከሌለ ግን ባይጀምሩት ይሻላል።

ቁፋሮ ሳይጀምሩ የግዛቱን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያነጋግሩ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በ1999 የወጣ ሕግ፣ ያላጠፉትን ውሃ ለማጽዳት የተፈቀደ ፕሮጀክት የሚሠሩ ሰዎችን ከተጠያቂነት ይከላከላል፤ ግን ፈቃዱ መቅደም አለበት። የደፉትን ድንጋይ አሁን አያስነሱት። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ፈጣን ውሃ ዝገቱን ያጥበዋልና ጥቂትም ቢሆን ይሠራል፤ ሜዳ ላይ ከሆነ ኩሬው ሲቆፈር የውሃ መውጫውን ያነጥፉበታል።